ስድስት ወንበር በስምንት ቀን

ዋሴ አናጢው መቀመጥ አይሆንለትም። ለሰው ሁሉ ወንበርና በርጩማ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ራሱ ግን ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው፤ በአንድ እጁ ጉርሻ፣ በሌላው መላጊያ። ሥራ ሲጠፋ ደህናውን በር ነቅሎ እንደገና ይገጥመዋል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለሌላ ለማን ይመስላችኋል? ሚስቱ ስመኝ፣ «እናቱ መንገድ ላይ ወለደችው፤ ከዚያ ወዲህ አርፎ አልተቀመጠም» ትላለች።

የተወለደው ዳባት ነው። ስመኝን ሲያገባ ወደ እርሷ አገር ወደ አስታ በር መጣ። አስታ በር ከደባርቅ ግማሽ ሰዓት በእግር ዝቅ ብትሉ የምትገኝ የአቦ አጥቢያ ናት። ሰዉ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፤ መስቀል ሲያልፍ ደግሞ በቅሎውን እየሳበ ደባርቅ ይወጣና የፈረንጅ ጭነት በተራ ይጭናል። በቅሎዎቹ ድንኳንና ቀለብ ተሸክመው ወደ ሳንካበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ ሲያቀኑ ዋሴ መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። ዘጠኝ ዓመት አየ። አንድ ቀን እንኳ አብሮ አልወጣም፤ አናጢ ምን ሊያደርግ ይወጣል? «ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለትን ተራራ እኔ ደጄ ቆሜ ጀርባውን እያየሁ ልሙት?» እያለ ስመኝን ያነዘንዛታል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ አንጀቱን ይበላው ነበር።

እንግዲህ በ1997 ዓመተ ምሕረት፣ የመስቀል ዕለት፣ ሙሌ መጣ። ሙሌ የደባርቅ ልጅ ነው፤ ተራራ ለሚወጡ ፈረንጆች ምግብ ያበስላል፤ ከነሱ ጋር ሲውል ሲያድር ምላሱ ተደባልቋል።

«ጋሼ ዋሴ፣ አንድ ግሩፕ ይመጣል፤ ስድስት ሰው፣ ዐሥር ቀን ካምፕ። ያምና የመጡት መሬት ተቀምጠን ወገባችን ተቆረጠ ብለው አለቀሱብኝ። ስድስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የማብሰያ ዕቃ ሳጥን ሥራልኝ። ሁሉም ተጣጥፎ በቅሎ ላይ የሚጫን መሆን አለበት።»

«ማን ያጣጥፈዋል? ማንስ ይዘረጋዋል?» አለ ዋሴ፣ ልቡ ከወዲሁ እየዘለለ።

«አንተ ነሃ! አብረኸን ትወጣለህ። ኖ ፕሮብሌም። የምንነሣው ጥቅምት ዘጠኝ ጧት ነው። ከነገ ጀምሮ ሃያ አንድ ቀን አለህ።»

ሃያ አንድ ቀን! ለደባርቅ ይሁንለት፤ አስታ በር ላይ ግን ቀን የሚቆጠረው እንዲያ አይደለም። ሙሌ ሲሄድ ዋሴ በጣቱ ቆጠረ። ገብርኤል አለ፣ ማርያም አለች፤ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔ ዓለም፣ አማኑኤል፣ በዓለ ወልድ፣ ልደታ፣ ከዚያም ራሱ የደብሩ ጌታ አቦ። በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑዱ። ቢቀንስ፣ ቢቀንስ፣ የቀረው የሥራ ቀን ስምንት ሆነ። አስታ በር ላይ በበዓል አይታረስም፣ አይፈለጥም፣ አይወቀጥም። በዓል የሻረ ሰው ጦሱ ለራሱ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ አዝመራ ላይ በረዶ ይጠራል ነው የሚባለው።

የመጀመሪያውን ቀን ጎረቤቱን ቢራራን ይዞ ዋለ። ቢራራ አንዲት ቡላ በቅሎ ያለችው ገበሬ ነው፤ ሁለቱን ሳጥን ግራና ቀኝ አድርጎ የሚጭነውም እሱ ሊሆን ተነጋግረዋል። የበቅሎዋን ጎን በስንዝር ለኩ፣ የሳጥኑን ቁመት ቆረጡ። «አንዱ ካንዱ ፍሬ ጨው ታህል እንዳይከብድ፤ ጀርባዋን ይልጥብኛል» አለ ቢራራ። ለበቅሎዋ የሚሳሳውን ያህል ለራሱ አይሳሳም።

በማግስቱ ገብርኤል ሆነ። ዋሴ እስከ ረፋድ ቻለ። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ደጅ ወጣ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ጓሮ ወዳለችው የሥራ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። መዶሻ ቢያነሣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ መዶሻውን ተወው። መሮውን ሳይመታ በመዳፉ እየገፋ እንጨቱን ፈለፈለ፤ አንዱን ሌላው ውስጥ አስገባው፤ በወይራ ሽብልቅ አጠበቀው። ምስማር የለ፣ ድምፅ የለ። ሽብልቁን ሲስቡት ይፈታል፣ ሲገፉት ይገጥማል። ወይ ጉድ! ለበቅሎ ጭነት ከዚህ የሚሻል ምን አለ? በጥበቡ ራሱ ተደነቀ፤ የመጣለት ግን ከመደበቅ ነበር።

ስመኝ በሩን ከፍታ አየችው።

«ዛሬ ገብርኤል ነው» አለች።

«ምን አደረግሁ? ድምፅ ሰማሽ?»

«እግዜር ያለው ጆሮ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?» አለችና በሩን መልሳ ዘጋችው። ለማንም አልተናገረችበትም፤ ያን ቀን ምሳ ግን አላቀረበችለትም።

ከዚያ ወዲያማ ምን ይጠየቃል፤ ለመደው። ማርያምንም ሠራ፣ መድኃኔ ዓለምንም ሠራ፣ ልደታንም ሠራ። አንድ በዓል በተሻረ ቁጥር የሚቀጥለው ይቀላል። ጠረጴዛው አለቀ፣ ሳጥኖቹ አለቁ፣ አምስቱ ወንበር አለቀ። የወንበሩ መቀመጫ በላም ቆዳ ጠፍር የተወጠረ ነው፤ እርጥቡን አስረው ሲደርቅ ከበሮ ይሆናል። ለአቦ ዕለት የቀረው ስድስተኛው ወንበር ብቻ ነበር።

ጥቅምት አምስት፣ አቦ፣ አርብ ዋለ። አስታ በር በሞላ ደብሩ ነው። ዋሴም አስቀደሰ፤ ከዚያ «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ ሾልኮ መጣ። የስድስተኛው ወንበር የፊት አግዳሚ እንጨት አልገባ አለው። በመዳፉ ገፋው፣ በጉልበቱ ገፋው፣ ላብ አጠመቀው፤ ወይ ፍንክች! አንዲት የመዶሻ ምት ነው የሚፈልገው፤ አንዲት! ደብሩ ግን ቅርብ ነው፣ ሰዉም ገና አልተበተነ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ወረደ።

የሥራ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ ሲንጋጋ ሰው የገዛ ድምፁን አይሰማም። ዋሴ ቀና አለ። በዚያች ሰዓት ምን እንደታሰበው ልንገራችሁ፣ አልደብቅም። ገብሱ አልነበረም። መዶሻው ነበር። «እሰይ!» አለ፣ እውነቴን ነው፣ እሰይ አለ፤ ዘሎ መዶሻውን ብድግ አደረገና መታ፣ መታ፣ መታ፤ አግዳሚው ገባ። ሌላውንም የላላውን ሁሉ እየዞረ መታ። ሲያበቃ በረዶውም አባራ። በሩን ቢከፍት ሜዳው ነጭ ብሏል፤ ከታች ሊታጨድ ሳምንት የቀረው ገብስ ተጋድሟል። ከቢራራ ደጅ የሴት ልቅሶ ሰማ። መዶሻውን ከጀርባው ደበቀ፤ ከማን እንደሚደብቀው እንጃለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተቀመጡ። አጥፊው ሲሰወር አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን በተራ ይናገራል። መካከል የተቀመጡት የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። «በዓል የሻረ አለ። ያወቀ ይናገር፤ ዐውቆ የደበቀ ከሻረው እኩል ነው» አሉ።

ስመኝ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አወረደች።

አያ ወርቄ የሚባሉት፣ የባለ በቅሎዎቹ የተራ አለቃ፣ ተነሡ። «እኔ ክፉ አልናገርም» አሉ፤ «በአቦ ዕለት ማለዳ ግን ከቢራራ ደጅ ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰምቻለሁ።»

ቢራራ ተነሣ። «እውነት ነው፤ አልዋሽም። በቅሎዋ ችካሏን ነቅላ የሰው ገብስ ልትገባ ሆነ። በድንጋይ መታሁት። ሦስቴ ነው።»

ዋሴ ልነሣ አለ፤ አልተነሣም። ሰው ጉድ ይይ፤ ዕድሜ ልኩን መቀመጥ ያልሆነለት ሰው፣ መነሣት ያቃተው ያን ቀን ነው።

ፈረዱ። ቢራራ እስከ ፋሲካ ከወንፈል ወጣ፤ ለማንም አያጭድም፣ ማንም አያጭድለትም። በቅሎውም ካጥቢያው በቅሎዎች ጋር ተራ አትገባም። ገብሱን በረዶ የበላበት ሰው፣ ለዓመት ቀለቡ ያቺ በቅሎ ብቻ ነበር የቀረችው። ቢራራ «ይሁን» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ።

ሰኞን ዋሴ እንዴት እንደዋለው አትጠይቁኝ። ያለቀውን ወንበር ፈታ፣ ገጠመ፣ ፈታ፣ ገጠመ። ተራራው ነገ ነው። ነገ! ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው። ቢናገር አለቀ፤ ዝም ቢል ደግሞ ማን ያውቃል? ድምፅ የሰማ የለ። ከሰዓት በኋላ ቢራራ ብቅ አለ፤ የተጠቀለለ የበግ አጎዛ ታቅፏል።

«የኔዋማ ቀረች» አለ፤ «ሳጥንህን ለሚጭነው ሰው ይህን ስጠው። ሳጥኑ ጠርዝ አለው፤ ከስሩ ካልተነጠፈ ጀርባ ይልጣል። የማንም በቅሎ ትሁን፣ በቅሎዋ ምን አደረገች?»

ዋሴ አጎዛውን ተቀበለ። ቢራራ ሲወጣ ስመኝ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ «አውጫጭኙ ላይ እኔም እኮ አብሬህ ነው የተቀመጥሁ» አለች።

ማክሰኞ ጧት ደባርቅ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ስድስቱ ፈረንጆች ወፋፍራም ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ሙሌ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያሳያቸዋል። አጨበጨቡ። አንዷማ ሽብልቁን ስባ ፈታችው፣ መልሳ ገጠመችው፣ እንደ ልጅ ሳቀች። ባለ በቅሎዎቹም ከበቡ። «ኧረ ምስማር የለበትም!» «ይኸ የሰው እጅ ነው?» ዋሴ ከዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሁለቱ ሳጥን ከነአጎዛው በአንዲት ዳማ በቅሎ ላይ ተጫነ፤ የመሳቢያውን ገመድ እሱ ያዘ። ፊት ለፊቱ መንገዱ ነው።

አያ ወርቄ ቀረብ ብለው የሳጥኑን መጋጠሚያ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ከመስቀል ወዲህ የሥራ ቀን ስንት ነው? ስምንት» አሉ፤ በጣታቸውም ቆጠሩ። «በስምንት ቀን ይህን ሁሉ! የአቦ በረከት አርፎብሃል ልጄ። ይባርክህ።»

ምርቃት ነው እንግዲህ፤ ተንኮል የለበትም። ስድብ ቢሆን ይቻል ነበር። ዋሴ ገመዱን ለቀቀው።

«ስምንት አይደለም አያ ወርቄ» አለ። «በዓሉንም ጨምሬ ነው የሠራሁት። ገብርኤልን ሠርቻለሁ፣ ማርያምን ሠርቻለሁ። ምስማር ያልመታሁበት እንዳትሰሙኝ ብዬ ነው። በአቦ ዕለት በረዶው ሲወርድ ደግሞ መዶሻ አንሥቼ መታሁ፤ ጩኸቱ ይሸፍነኛል ብዬ። ቢራራ ሦስቴ መታ፤ እኔ ስንቴ እንደመታሁ አላውቀውም።»

ፈረንጆቹ እንኳ የያዙትን ወንበር አስቀመጡ፤ ቋንቋው ባይገባቸውም የሰው ፊት ይገባል። አያ ወርቄ ጣታቸውን ከሳጥኑ ላይ አነሡና፣ ጋቢያቸው ላይ ጠረጉት።

«ፍቱት» አሉ።

ፈቱት። አንድም በቅሎ ወንበር አልጫነም። ሙሌ ራሱን ይዞ ዞረ፤ «ጋሼ፣ ምን ነካህ? ሰው ዐሥር ቀን ዝም ማለት ያቅተዋል? ስትመለስ ብትናገር ምን አለ?» ለቢራራ ሰው ተላከ። ከሰዓት ተኩል በኋላ ቡላዋን እየሳበ መጣ፤ ሩዝና ድንኳን ጫኑለት። ሰዉ የሆነውን ነገረው። ዋሴ አጠገብ ሲደርስ ዓይኑን ከበቅሎዋ ጆሮ ሳያነሣ አለፈ፤ አጎዛውን እንኳ መልስልኝ አላለም።

ጓዙ ከታጠፊያው ተሰወረ። ዋሴ ስድስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ሳጥን ይዞ መንገድ ዳር ቀረ። ከስድስቱ አንዱ ላይ እንኳ ቁጭ አላለም። አለቀሰ፤ ቆሞ።

ያኑ ዕለት ወደ አባ ገብረ ክርስቶስ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ የስድስተኛውን ወንበር ነገር ሳይቀር ሁሉን ተናዘዘ። «አባ፣ ይቅጡኝ። ሺህ ስግደት ይበሉኝ፣ ሁለት ሺህ ይበሉኝ።»

«ስግደትማ ላንተ ሥራ ነው» አሉ አባ። «ደስ ብሎህ ትውላለህ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ባለው በዓል ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያን ስድስተኛውን ወንበር ደጀ ሰላሙ ፊት ዘርግተህ ትቀመጣለህ። እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ። ፀሐይ እስክትገባ።»

«ተቀምጬ ምን ልሥራ አባ?»

«ምንም።»

«አባቴ፣ ሌላ ቅጣት የለም?»

አባ መስቀላቸውን አሳልመው ሰደዱት።

ሚካኤል ደረሰ። ዋሴ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። አገሩ በፊቱ አለፈ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዷ አሮጊት «እንኳን ደህና ተቀመጥህ!» ብላ ወጋችው። ጥቂት ሲቆይ ሌላ ነገር መጣ። ጭኑን ይቆርጠው ጀመር። ተገላበጠ፤ ቆረጠው። የፊት አግዳሚው ነው፤ ያ በበረዶው ጩኸት በመዶሻ የገባው፤ ጣት ታህል ከፍ ብሎ ነው የገባው። ይታያችሁ፤ ስድስት ወንበር ሲሠራ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም ነበር! ጠርዙን በካራ ላጥ ቢያደርጋት የሚያልቅ ነገር ነው። ካራው ኪሱ ነው። እጁ ደግሞ ጭኑ ላይ።

በሳምንቱ፣ በገብርኤል፣ ቢራራ መጣ። ከተራራው የተመለሰው በዋዜማው ነው፤ ፊቱ በፀሐይና በብርድ ተልጧል። ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ተራራው እንዴት ነው?» አለው ዋሴ።

«ብርድ ነው» አለ ቢራራ። ቆየና፣ «ከጨነቅ በላይ ገደሉ አፋፍ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ጉም ከእግርህ ሥር ነው። አገር ጠፍቶ ጉም ብቻ። ሆድ ያባባል» አለ።

ዋሴ አንገቱን ደፋ።

«ፈረንጆቹ ድንጋይ ላይ ነው የበሉት፤ ወገባቸውን እያሹ። ወንበሮቹ የት ገቡ እያሉ ሙሌን ጠየቁት።»

«ምን አላቸው?»

«ባለቤቱ ተቀምጦባቸዋል አላቸው።»

ዋሴ ወደ እሱ ዞረ። «ቢራራ፣ ገብስህን በረዶ ሲወቃው እኔ እሰይ አልሁ። ጩኸቱ ሲሸፍነኝ ደስ አለኝ። በዓሉን ከሻርሁት ይልቅ እሱ ነው የሚበላኝ።»

ቢራራ መሬቱን በእንጨት ጫረ፣ ደግሞ ጫረ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። የዋሴ እጁ ሳያውቀው ከጭኑ ወረደ፣ ኪሱ ገባ፣ ካራውን ይዞ ወጣ፣ የአግዳሚውን ጠርዝ ሊልጥ ተጠጋ።

ቢራራ አንጓውን ቀጨም አደረገው።

«ገብርኤል ነው ዛሬ።»

«ይቆርጠኛል እኮ!»

«ይቁረጥህ።»

«ነገ ብቻ...»

«ነገ ቅዳሜ። ከነገ ወዲያ እሑድም ነው፣ ማርያምም ናት። ማክሰኞ ጊዮርጊስ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ከበረዶ የተረፈችውን ገብሴን እናጭዳለን» አለ ቢራራ። «ማጭድህን ስለህ ና።»

ካራውን ከእጁ ወስዶ መሬት ላይ አኖረው። አንጓውን ግን አልለቀቀም፤ ፀሐይ እስክትገባ እንደያዘው ተቀመጠ።